ዝምድናና ፍርድ

ሰው በትምህርት ቤት የሚማረው ነገር ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው። አንደኛው ዕድሜ ከመማሪያው ቀን እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ያለው ነው፤ እርሱም አጭር ነው። ሁለተኛው ዕድሜ ግን ፈተናው ካለፈ፣ ደብተሩም ከጠፋ በኋላ፣ የተማርነው ነገር በኑሮ መካከል ድንገት ተነሥቶ «አወቅኸኝን?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ካስተማርኋቸው ነገሮች ሁሉ ሁለተኛው ዕድሜው የረዘመብኝ በአልጀብራ ትምህርት በዝምድናና በፈንክሽን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህንን ልዩነት ለብዙ መቶ ተማሪዎች አስተምሬአለሁ፤ ለእኔ ግን ያስተማረችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

አስቀድሜ ግን ትምህርቱን ራሱን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩን በትክክል ያልተረዳ ሰው ምክሩን በትክክል ሊረዳው አይችልምና።

ከወረታ ተነሥቶ የጎንደርን መንገድ የያዘ ሰው የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ፣ በከተማይቱ አጠገብ ጣራ ገዳምን ያገኛል። ብዙው ተራራ በተራቆተበት ዘመን የዚህ ገዳም ደን ተጠብቆ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ይገኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዳንድ ቀን ወደዚያ ጥላ እየሄድሁ እቀመጣለሁ፤ የአስተማሪነት አመል አልለቅ ብሎኝም በፊቴ ያለውን አገር ሁሉ እንደ ሰሌዳ አየዋለሁ።

ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እንግዲህ በወረቀት ላይ በግራ በኩል የአራቱን ወንዞች ስም፣ በቀኝ በኩል የሚገቡበትን ሐይቅ እንጻፍ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ወንዝ ወደ ሐይቁ ቀስት እንሳል። ከርብ አንድ ቀስት ይነሣል፤ ከጉማራም አንድ፤ ከመገጭም አንድ፤ ከግልገል ዓባይም አንድ። አራቱም በጣና ላይ ይወድቃሉ። ይህ ፈንክሽን ነው። «የምትገባው ወዴት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ወንዝ ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ ሁለት መልስ ያለው ወይም መልስ ያጣ ወንዝ ከመካከላቸው የለም።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «አራት ቀስት በአንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ ስለዚህ ፈንክሽን አይደለም» ይላሉ። የሚጠየቀው ግን ቀስቶቹ ስንት ሆነው እንደ ወደቁ ሳይሆን ከእያንዳንዱ መነሻ ስንት እንደ ተነሡ ነው። ብዙዎች ወደ አንድ ቢሄዱ ሕጉ አይፈርስም። አሁን ደግሞ ቀስቱን እናዙረው። ከጣና ተነሥተን «ወደ አንተ የሚገባው ወንዝ ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ስም ተጠርቶ አያበቃም፤ አራቱም ይጠራሉ። ስለዚህ ከሐይቁ ወደ ወንዞቹ ያለው ነገር ዝምድና ነው እንጂ ፈንክሽን አይደለም።

ዝምድና ማለት የአንዱን ስብስብ አባል ከሌላው ስብስብ አባል ጋር የሚያጣምድ ማናቸውም ነገር ነው። አንዱ ከአንዱ ጋር ቢጣመድ፣ አንዱም ከአሥሩ ጋር ቢጣመድ፣ ያለ ጥንድ የቀረም ቢኖር፣ ዝምድና ሁሉንም ይቀበላል። ፈንክሽንም ዝምድና ነው፤ ነገር ግን ሕግ ያለው ዝምድና ነው። ሕጉም ሁለት ነው። ከመነሻው ስብስብ አንድም አባል ያለ መልስ አይቀርም፤ ለአንዱም አባል ሁለት መልስ አይሰጠውም። እንግዲህ ፈንክሽን ሁሉ ዝምድና ነው፤ ዝምድና ሁሉ ግን ፈንክሽን አይደለም። የሳይንስን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የደከሙ ሰዎች ፈንክሽንን «አስረካቢ» ብለውታል። ቃሉ ደስ ይለኛል፤ የተቀበለውን ይዞ ለሚገባው ቦታ የሚያደርስ፣ አደራ የማያምታታ ሰው ይታየኛልና።

በቁጥርም ብናየው እንዲሁ ነው። «አንድን ቁጥር በራሱ አባዛ» የሚለው ትእዛዝ ፈንክሽን ነው። 3 ቢገባ 9 ይወጣል፤ ኔጌቲቭ 3 ቢገባም 9 ይወጣል፤ እያንዳንዱ የገባ ቁጥር ግን አንድ መልስ ብቻ አለው። ትእዛዙን አዙረን «በራሱ ሲባዛ 9 የሚሆነው ቁጥር ማን ነው?» ብንል መልሱ 3ም ኔጌቲቭ 3ም ይሆናል፤ ስለዚህ ይህ ዝምድና ብቻ ነው። በግራፍ ላይ ደግሞ ግንበኛ ግድግዳው መቃናቱን በቱንቢ እንደሚያይ እኛም ቀጥ ያለ መሥመር ከላይ ወደ ታች እናወርዳለን። መሥመሩ የትም ቢወርድ ሥዕሉን ከአንድ ቦታ በላይ ካልነካው ፈንክሽን ነው። ማዕከሉ ዜሮ ላይ፣ ሬድየሱም 5 የሆነ ክብ ብንሥል፣ በ3 ላይ የወረደው ቱንቢ ክቡን ከላይ በ4፣ ከታች በኔጌቲቭ 4 ይነካዋል። ስለዚህ ክብ ምንም ያማረ ቢሆን ፈንክሽን አይደለም።

ይህ አሳብ በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ፈንክሽን የሚለውን ቃል በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሒሳብ ውስጥ ያስገባው ጀርመናዊው ላይብኒዝ ነው። ስዊሳዊው ኦይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1734 ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚጽፈውን ምልክት ጻፈ። በ1837 ደግሞ ጀርመናዊው ዲሪክሌ፣ ለእያንዳንዱ መነሻ አንድ መልስ ከተወሰነለት በቂ ነው፣ መልሱ በቀመር መገኘቱ ግድ አይደለም የሚለውን አሳብ ግልጽ አደረገ። በ1962 የአፍሪካ አገሮች መምህራን በዩጋንዳ በእንቴቤ ከተማ ተሰብስበው በስብስብ ትምህርት ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ የሒሳብ መጻሕፍት ማዘጋጀት ሲጀምሩ ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ሁለት ክብ ሥሎ ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስት ሲስብ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በአገራችን ቀድሞውኑ ነበር።

ይህንንም ያወቅሁት በቅርቡ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ ባሕረ ሐሳብን በልጅነቴ አልተማርሁትም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ያረጁ የአብነት መምህር፣ እኔም እንደ ደቀ መዛሙርታቸው የኔታ የምላቸው፣ አሳዩኝ። ዓመተ ምሕረቱን በ5500 ላይ ይደምራሉ፤ ድምሩን ለ19 አካፍለው ቀሪውን ይይዛሉ፤ ከቀሪውም አንድ ይቀንሳሉ፤ የተረፈው ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት መጥቅዕ፣ በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴ ይሆናል። የ2016 ዓ.ም. ወንበር 10፣ መጥቅዕ 10፣ አበቅቴ 20 ነው። ይህ ፈንክሽን ነው፤ አንድ ዓመት ሁለት መጥቅዕ ሊኖረው አይችልም። ባለጸጋም ቢያሰላው ድኻም ቢያሰላው፣ በዋሻም በቤተ መንግሥትም ቢያሰሉት ያው ነው። ለአንዱ ሰው ጾሙ ቀድሞ፣ ለሌላው ዘግይቶ አይገባም።

እኔም የመምህርነት ተንኮሌ ተነሣና አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። የ1997 ዓ.ም. መጥቅዕም 10 ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. በ19 ዓመት ይርቃልና። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 23 ቀን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ነው። «የኔታ፣ ለአንድ መጥቅዕ ሁለት ፋሲካ እንዴት ይሆናል?» አልኋቸው። የኔታም ሳቁና «ዕለቱን ረሳኸው» አሉኝ። መጥቅዕ ብቻውን ፋሲካን አያወጣም፤ መጥቅዕ የዋለበትም ዕለት ይጨመራል። በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት 10 ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። በ2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበረ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 10ና 4 ተደምረው 14፣ 10ና 8 ተደምረው 18 ይሆናሉ። ስለዚህ ጾመ ነነዌ በ1997 ዓ.ም. የካቲት 14፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት 18 ቀን ገባ። ከነነዌ 69 ቀን ሲቆጠር አንዱ በሚያዝያ 23፣ ሌላው በሚያዝያ 27 ላይ ይደርሳል። መነሻው ጎድሎ ነበርና መልሱ ሁለት መሰለኝ፤ መነሻው ሲሟላ መልሱ አንድ ሆነ።

የፎገራም ገበሬ ይህንን ያውቃል። በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው በገባው በሩዝ የሚተዳደር አንድ ገበሬ «ማሳህ ምን ይበቅልበታል?» ተብሎ ቢጠየቅ «መቼ?» ብሎ ይመልሳል። በክረምት ውኃ ሲተኛበት ሩዝ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታልና። ማሳው ብቻ ሳይሆን ማሳውና ወቅቱ አንድ ላይ ሆነው አንድ መልስ ይሰጣሉ። ይህንን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልምጣ። ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። በዚህ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በክፍሉ 72 ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ የወዳጄ ልጅ ነበረ። አባቱ ለአገሩ እንግዳ ሆኜ በመጣሁ ጊዜ ቤት ፈልጎ ያስገባኝ፣ በወባ ታምሜ በወደቅሁ ጊዜም ከቤቱ ገንፎ እያስመጣ ያስታመመኝ ሰው ነበር። አንዲት ልጅ ደግሞ ከሜዳው ገጠር መጥታ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በከተማው አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። ቅዳሜ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። በበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እጇንም አታነሣም። እውነቱን ለመናገር ስሟን የማውቀው ከስም መጥሪያው ላይ ብቻ ነበር።

በመንፈቁ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። «1 ከ5 ጋር፣ 2 ከ5 ጋር፣ 3 ከ5 ጋር የተጣመዱበት ዝምድና ፈንክሽን ነውን? ምክንያቱን ግለጽ» የሚል ነበር፤ ማርኩም 6 ነበር። ፈተናውን አርሜ ወረቀቱን መለስሁ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ወደ መምህራን ክፍል መጥታ በበሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነበር» አለች።

«ምንድን ነው?» አልኋት፤ ቀናም አላልሁ።

ሁለት ወረቀት በጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አኖረች። አንዱ የእርሷ፣ ሌላው የወዳጄ ልጅ ነበረ። ሁለቱም በዚያ ጥያቄ ላይ «ፈንክሽን ነው፤ ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ሁለተኛ ቁጥር ብቻ አለውና» ብለው ጽፈዋል። ለእርሱ 6 ከ6 ሰጥቻለሁ። ለእርሷ 3 ሰጥቼ በቀይ ቀለም «ምክንያቱ አልተሟላም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ጠቅላላ ማርኳ 48 ነበር፤ ማለፊያው 50 ነው።

ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ መልሳችን አንድ ነው፤ ማርኩ ግን ሁለት ነው። እርስዎ እንዳስተማሩን ከሆነ ይህ ፈንክሽን አይደለም።»

ልጆቼ ሆይ፣ በዚያ ሰዓት ልናገረው የሚገባኝ ቃል «እውነትሽን ነው» የሚል ነበር። እኔ ግን ሌሎች መምህራን እየሰሙ ስለ ነበር ፊቴ ተቃጠለና «ከእርሱ ቀድተሽ እንዳይሆን?» አልኋት። እርሷም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ «እኔ የምቀመጠው በበሩ አጠገብ ነው፤ እርሱ በመስኮቱ አጠገብ ነው» አለች። ከዚያም ወረቀቶቹን ሰብስባ እጅ ነሥታ ወጣች።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በበነጋው «አንድ የማየው ነገር አለ» ብዬ ወረቀቶቹን ከተማሪዎቹ መልሼ ሰበሰብሁ፤ ምክንያቱን ለመናገር ግን አልደፈርሁም። ማታ ፋኖስ አብርቼ ስም የተጻፈበትን የወረቀት ጫፍ ሁሉ ወደ ኋላ አጠፍሁ። ሰባ ሁለቱንም ስም ሳላይ እንደገና አረምሁ። ጫፉን ስዘረጋው የዘጠኝ ተማሪዎች ማርክ ተለውጦ አገኘሁት። ስድስቱ ከፍ አሉ፤ ሦስቱ ዝቅ አሉ። የእርሷ 53 ሆነ። የወዳጄ ልጅ ከ79 ወደ 68 ወረደ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ይህ ነው፤ ዝቅ ያሉት ሦስቱ አባታቸውን የማውቃቸው ነበሩ፤ ከፍ ያሉት ስድስቱ ፊታቸውን እንኳ በደንብ የማላስታውሳቸው ነበሩ። አንዱንም በክፋት አስቤ አላደረግሁትም። እጄ የለመደውን ስም ሲያይ ይፈታ ነበር፤ ያላወቀውን ስም ሲያይ ይጨብጥ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ማርኩ ለጽሕፈት ቤቱ ተሰጥቷል፤ ለመለወጥ ለዳይሬክተሩ ጥፋቴን መናገር ይገባኛል፤ የወዳጄም ፊት ይታየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስም ስጠራ ልጅቱ የለችም። ጓደኛዋን ብጠይቃት «ወደ አገሯ ሄዳለች፤ አባቷ ከወደቀሽ ይበቃሻል ብለዋታል» አለችኝ። ይህ «ይበቃሻል» የሚለው ቃል በገጠር ለአንዲት ሴት ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሦስት ማርክና በእኔ ዝምታ ምክንያት የአንድ ሰው ሕይወት መንገዱን ሊለውጥ ነበር። ወዲያውኑ ወደ ዳይሬክተሩ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት፤ ማርኩም ተስተካከለ። ለጓደኛዋም አዲሱን ማርክ በወረቀት ጽፌና ፈርሜ ለአባቷ እንድታደርስልኝ ሰጠኋት። በማግሥቱም በክፍሉ ፊት ቆሜ ዘጠኙን ማርክ እንደ ለወጥሁና ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ ተናገርሁ።

ልጅቱ በሚቀጥለው ሰኞ ተመለሰች። አላመሰገነችኝም፤ ደግሞም ልታመሰግነኝ አይገባትም ነበር። የተወሰደበት ገንዘብ የተመለሰለት ሰው ለወሰደው ሰው ምን ምስጋና አለበት? ወዳጄ ግን «ልጄን በሰው ፊት አዋረድኸው» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣኝ። ወረቀቱን ለልጅቱ የሰጣት ማን እንደ ሆነ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ልጁ ራሱ ነበር። ሁለቱን መልስ አይቶ፣ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ከእኔ ቀድሞ ተረድቶ፣ «ወስደሽ አሳዪው» ብሏት ነበር።

እንግዲህ ያንን ጥፋት በሒሳብ ዓይን እንየው። ማርክ መስጠት ከመልስ ተነሥቶ ወደ ቁጥር የሚሄድ ፈንክሽን መሆን ነበረበት። ለአንድ መልስ አንድ ቁጥር፤ ሌላ የለም። እኔ ግን ለአንድ መልስ ሁለት ቁጥር ሰጠሁ። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስናየው ደግሞ ሌላ ነገር ይገኛል። በመነሻው ላይ ስምን ብንጨምር፣ ማለትም መልስና ስም አንድ ላይ ሆነው ወደ ቁጥር ይሄዳሉ ብንል፣ ሥራዬ ሕግ ያለው ፈንክሽን ሆኖ ይገኛል! «ይህ መልስ ከዚህ ስም ጋር 6፤ ያው መልስ ከዚያ ስም ጋር 3።» አድልዎ ሕግ የሌለው ነገር መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ሕግ አለው፤ ሕጉን ግን ይደብቀዋል። በመነሻው ውስጥ ሊገባ የማይገባውን ነገር በስውር ያስገባል።

«የኔታም እኮ በመጥቅዕ ላይ ዕለትን ጨመሩ፤ ገበሬውም በማሳው ላይ ወቅትን ጨመረ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። መልሱም ይህ ነው፤ የኔታ «ዕለቱን ረሳኸው» ብለው በግልጽ ተናገሩ። ገበሬውም «መቼ?» ብሎ በግልጽ ጠየቀ። እኔ ግን «አባቱን ስለማውቀው ነው» ብዬ በክፍሉ ፊት ለመናገር አልችልም ነበር። ስለዚህ ለእኔ የጠቀመኝን መፈተኛ ለእናንተም ልስጣችሁ። ለሁለት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ስትሰጡ፣ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ያንን ምክንያት ሁለቱም ሰዎች ባሉበት፣ በአደባባይ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለመናገር ከደፈራችሁ ምናልባት ፍርዳችሁ ትክክል ነው። ለመናገር ካፈራችሁ ግን የወረቀቱን ጫፍ አጥፋችሁ እንደገና አርሙ።

በአማርኛችን አንድ ሹም ሥራን ለማይገባው ሰው ሲሰጥ «በዝምድና ሠራ» እንላለን። የሒሳቡ ቃልና የኑሮው ቃል እንዲህ መገናኘታቸው ያስደንቀኛል። ይህን ስል ግን ዝምድናን ራሱን አትናቁት። እናት ብዙ ልጆች አሏት፤ ሁሉንም ትወዳለች፤ «አንዱን ብቻ ምረጪ» የሚላት ሕግ ጨካኝ ነው። ወዳጅነት፣ ጉርብትና፣ ዕድር፣ ማኅበር ሁሉ ዝምድና ናቸው፤ የሰውንም ልጅ ያቆሙት እነርሱ ናቸው። እኔም በወባ በወደቅሁ ጊዜ ያስነሣኝ ዝምድና እንጂ ፈንክሽን አይደለም። ለወዳጄ ውለታ የምመልስበት ብዙ መንገድ ነበረኝ። ልጁን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማስጠናት እችል ነበር፤ አባቱ ሲታመም ማስታመም እችል ነበር፤ ከደመወዜ ማካፈል እችል ነበር። በማርኩ ግን ውለታ መመለስ አልችልም፤ ማርኩ የእኔ አልነበረምና። ጥፋት የሚመጣው ዝምድና ከቤቱ ወጥቶ በፍርድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

ደግሞም አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ለሁሉ አንድ ዓይነት መሆን ብቻውን ጽድቅ አይደለም። በወረታ ገበያ ሩዝ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ሚዛኑ ሁልጊዜ ከኪሎው ላይ መቶ ግራም የሚሰርቅ ቢሆን፣ ያ ሚዛን ለሁሉ እኩል ይሰርቃልና በሒሳብ ቋንቋ ፈንክሽን ነው፤ ነገር ግን ሌባ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ሐሰተኛ ሚዛንን አጥብቆ ያወግዛል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልገናል፤ መልሳችን ለሁሉ አንድ እንዲሆን፣ አንዱም መልሳችን እውነት እንዲሆን። ፈንክሽን የመጀመሪያውን ያስተምረናል፤ ሁለተኛውን ግን ሕሊናችን ይጨምርበታል።

እናንተ ወጣቶች ዛሬ ተማሪዎች ናችሁ፤ ነገ ግን ከእናንተ አንዱ መምህር፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ የቀበሌ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ በየቀኑ በጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቶቹን አምጥቶ የሚያስቀምጥላችሁ ደፋር ልጅ አይገኝም፤ በበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ዝም ብሎ ወደ አገሩ ይሄዳል እንጂ። ስለዚህ ወረቀቶቹን ራሳችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በወንድማችሁ ላይ የፈረዳችሁበትን ጥፋት በራሳችሁ ላይ ስታገኙት ያንኑ ፍርድ ስጡ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላልና፣ ቁናችሁ አንድ ይሁን።

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ የወረቀቱን ጫፍ ሳላጥፍ ፈተና አርሜ አላውቅም። ተማሪዎቼ «ለምን ያጥፉታል?» ሲሉኝ «ዓይኔ ደካማ ስለ ሆነ ነው» እላቸው ነበር፤ ሐሰትም አልተናገርሁም። አሁንም በጣራ ገዳም ጥላ ሥር ተቀምጬ ርብና ጉማራ በየመንገዳቸው ወደ አንዱ ጣና ሲወርዱ ሳስብ፣ ያቺ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትታየኛለች። እግዚአብሔር ለሁላችን፣ በተጠየቅን ጊዜ አንድ መልስ የምንሰጥበትን ልብ፣ በተሳሳትንም ጊዜ ሦስት ቀን የማንዘገይበትን ድፍረት ይስጠን።